ስልኩ የማን ነው? የኪልካሪ ጥሪና የማድያ ፕራዴሽ እናቶች

በሳምንት አንድ ቀን ስልኩ ይጮኻል። የሚያነሳው ሰው ከተገኘ አንዲት ረጋ ያለች ሴት በሂንዲ ሰላምታ ትሰጥና ዶክተር አኒታ መሆኗን ትናገራለች። ነፍሰ ጡሯ በዚያ ሳምንት ምን መብላት፣ ምን መጠንቀቅ፣ ምን ማሰናዳት እንዳለባት በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ነግራ ትሰናበታለች። በሳምንቱ ትመለሳለች። ከእርግዝናው አራተኛ ወር ጀምሮ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ 72 ጊዜ ትደውላለች። ዶክተር አኒታ የምትባል ሐኪም ግን የለችም። ስሟም ሰውነቷም የፈጠራ ነው፤ እውነተኛው ምክሩ ብቻ ነው።

አገልግሎቱ ኪልካሪ ይባላል፤ ሕፃን ልጅ ደስ ሲለው የሚያሰማውን ድምፅ የሚገልጽ የሂንዲ ቃል ነው። የህንድ መንግሥት በጥር 2016 በይፋ ጀመረው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሦስት ዓመት ውስጥ 13 ግዛቶችን አዳርሶ ወደ 10 ሚሊዮን በሚጠጉ ስልኮች ላይ ደወለ። በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ ተባለለት።

እኔ ለዓመታት የጤና ትምህርት መልእክት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሬዲዮ ማስታወቂያ ጽፌአለሁ፣ በራሪ ወረቀት ጽፌአለሁ፣ ኋላ ላይ ደግሞ በስልክ የሚላክ አጭር መልእክት። የሥራችን መለኪያ የተላከው ብዛት ነበር። ሪፖርታችን ላይ «ይህን ያህል ሺህ እናቶች ተደራሽ ሆነዋል» ብለን እናሰፍራለን። ተደራሽ መሆን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀን አልነበረም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም። የኪልካሪን ጉዳይ ደጋግሜ ያነበብኩት በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄውን በትልቁ የጠየቁ፣ የማያስደስት መልስ ያገኙ፣ መልሱንም ሳይሸሽጉ ያሳተሙ ሰዎች አሉበት።

አገሩና ልማዱ

ማድያ ፕራዴሽ የህንድ ግዛት ነው፤ እንደ ስሙም («መካከለኛ ግዛት» ማለት ነው) የአገሪቱ እምብርት ነው። በ2011 ቆጠራ ከ72 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበት ነበር፤ አብዛኛው ገበሬ ነው። በዚያ ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ሴቶች 59 በመቶ ገደማ ነበሩ። የኪልካሪ ሰዎች የጽሑፍ መልእክትን ትተው ድምፅን የመረጡት ለዚህ ነው፤ ልክም ነበሩ። ማንበብ ለማትችል እናት የጽሑፍ መልእክት መላክ በሩን ሳያንኳኩ ደጃፍ ላይ ደብዳቤ ጥሎ እንደመሄድ ነው።

መንደሩ ያለ ጤና ሠራተኛ አልተተወም። ከ2005 ጀምሮ በየመንደሩ አሻ የሚባሉ ሴቶች ተመልምለዋል፤ ለ1,000 ሰው አንዲት ያህል። የኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የኛዎቹ የወር ደመወዝተኞች ሲሆኑ አሻዎቹ በዋናነት የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ፣ በቁርጥ መሆኑ ነው። ነፍሰ ጡሯን አግባብተው ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳሉ። ነርሷ ትመዘግባታለች፤ ከስሟ ጋር የስልክ ቁጥር ይጻፋል። ዶክተር አኒታ የምትደውለው በዚያ ቁጥር ነው።

ስለ ጡት ማጥባት ምክሩ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ፣ እንገሩ አይጣል፣ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አይሰጥ። በማድያ ፕራዴሽ መንደሮች ከዚህ ምክር ፊት ለፊት የቆመ አሮጌ ልማድ አለ። ጉቲ ይሉታል። ለአዲስ ልጅ ከጡት በፊት ማር፣ ድፍድፍ የሸንኮራ ስኳር፣ አንዳንድ ቦታ የፍየል ወተት በጣት ይላሳል። የሚያልሰውም ዝም ብሎ የተገኘ ሰው አይደለም። የአላሹ ጠባይ ወደ ልጁ ይተላለፋል ተብሎ ስለሚታመን የተከበረ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ትመረጣለች። እንግዲህ በስልክ የመጣ የማይታወቅ ድምፅ «ጉቲ አትስጪ» ሲል የሚከለክለው አንድ ጭልፋ ማርን ብቻ አይደለም፤ የአያትን ምርቃት ጭምር ነው።

ለኛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ልጅ ሲወለድ ቅቤ የሚላስበት ቤት ስንት ነው? የላሟን እንገር አፍልተን በደስታ እየበላን የእናትየዋን እንገር «ቆሽሿል፣ ያረጀ ነው» ብለን አልበን የምናፈስሰውስ? ነገሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ስብከት ይፈታ ነበር።

የአገሪቱ የቤተሰብ ጤና ጥናት የሚያሳየው አንድ ሁኔታ አለ፤ ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው ብዬ አምናለሁ። እስከ 2021 በዘለቀው አምስተኛው ዙር በማድያ ፕራዴሽ ከወላዶቹ 90.7 በመቶ የወለዱት በጤና ተቋም ነው። ከተወለዱት ልጆች ግን በመጀመሪያው ሰዓት ጡት የያዙት 41.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ባለሙያው በቆመበት ክፍል ውስጥ ከግማሽ በላይ ሕፃናት ሰዓቱ አለፈባቸው ማለት ነው። የእናትየዋ ስልክ በዚያች ሰዓት ምን ይፈይዳል?

ከካርድ ወደ ጥሪ

ኪልካሪ በአንድ ቀን የተወለደ ሐሳብ አይደለም። መነሻው የቢሃር ግዛት ነው። ቢቢሲ ሚዲያ አክሽን የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት እዚያ በ2012 ሞባይል ኩንጂ የተባለ የካርዶች ስብስብ ለጤና ሠራተኞች አዘጋጀ። ሥዕል ያለባቸው 40 ካርዶች በቀለበት ተያይዘዋል፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አጭር ቁጥር ታትሟል። ሠራተኛዋ እናቲቱ ፊት ተቀምጣ ቁጥሩን ስትደውል ዶክተር አኒታ ስለዚያ ሥዕል ትናገራለች። ስልኩ በእጅ ለእጅ ይተላለፋል፤ አማትም ትሰማለች፤ ከዚያ ወሬ ይጀመራል። ስልኩ እዚህ ጋ የሥራ ረዳት ነበር፤ ጨዋታውን የምትመራው መንደርተኛዋ ሴት ናት።

ኪልካሪ ከዚያ ተከትሎ መጣ፤ መጀመሪያ በቢሃር በአነስተኛ ክፍያ፣ ኋላ መንግሥት ሲወስደው በነፃ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ድምፁ ያው የዶክተር አኒታ ነው፤ ምክሩም ያው ነው። መሃል የነበረችው ሴት ግን ወጥታለች። ብዙ ሕዝብ ጋ በርካሽ ለመድረስ ከተፈለገ እሷን ማስወጣት ግድ ነው፤ ኮምፒውተር በቀን ስንት መቶ ሺህ ጊዜ ይደውላል፣ እግር ግን በቀን ስንት ቤት ይደርሳል? ያኔ ጠረጴዛው ዙሪያ ብኖር እኔም እጄን አውጥቼ የምደግፈው ሐሳብ ነበር።

ስልኩን የያዘው

አሁን ወደ ርዕሱ ጥያቄ ልምጣ። በዚያው የቤተሰብ ጤና ጥናት፣ በ2015 እና 2016 በተደረገው ዙር፣ በማድያ ፕራዴሽ ራሳቸው የሚጠቀሙበት ተንቀሳቃሽ ስልክ ያላቸው ሴቶች 28.7 በመቶ ነበሩ። በሚቀጥለው ዙር 38.5 በመቶ ደረሱ፤ የአገሪቱ አማካይ ያኔ 54 በመቶ ገደማ ነበር። በሌላ አነጋገር መዝገቡ ላይ ከነፍሰ ጡሯ ስም ጎን የተጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የባሏ ነው።

የባል ስልክ ደግሞ ከባል ጋር ይውላል። እርሻ ይሄዳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሰደዳል። ጥሪው ጠዋት ቢመጣ ባልየው በሬ እየነዳ ነው። ማታ ቢመጣ ሚስቲቱ ምድጃ ላይ ናት። ባልየው አንስቶ፣ ሰምቶ፣ «ዶክተሯ ደውላ ነበር» ሊል ይችላል፤ ሊረሳም ይችላል። የማያውቀውን ቁጥር አጭበርባሪ ነው ብሎ ሊዘጋውም ይችላል፤ በህንድ በስልክ የሚያጭበረብር በዝቷልና አይፈረድበትም።

በሌላም በኩል ባህል አለ። በህንድ ብዙ አካባቢ ሴት፣ በተለይ የመጀመሪያ ልጇን፣ የምትወልደው ወላጆቿ ቤት ሄዳ ነው። እኛም አገር የበኩር ልጅ ሲሆን እናቷ ቤት ሄዳ የምትታረስ ብዙ ናት። ይህ መልካም ወግ ነው፤ ልጅቱ ታርፋለች፣ ትበላለች። ግን የስልኩን ነገር አስቡት። መልእክቶቹ ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልጉበት ሳምንት እሱ ነው። እሷ እናቷ ጓዳ ናት፤ ስልኩ ሌላ መንደር ባልየው ኪስ ውስጥ ይጮኻል።

የራሷ ስልክ ያላትስ? ተመራማሪዎቹ በእነዚሁ መንደሮች ባደረጉት ቃለ መጠይቅ ሚስት ስልክ እንድትይዝ የሚፈቅድ ባል ከማን ጋር፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደምታወራ መወሰኑን እንዳልተወ አሳይተዋል። አዲስ ምራት ስልክ ይዛ ጥግ ይዛ ብትገኝ ወሬ ይወጣባታል። ጥሪው የጤና መሆኑን ማን አየላት? እንግዲህ የምታዳምጠው ሰው ባለበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው፤ ወይም ቶሎ ትዘጋዋለች።

ሌላ ችግርም ነበር፤ እሱን በአጭሩ ልለፈው። ጂዮ የተባለው የስልክ ኩባንያ በመስከረም 2016 ነፃ ጥሪ ይዞ ገበያ ሲገባ አገሩ በሙሉ ሲም ካርድ ቀየረ። መዝገቡ ላይ ያለው አሮጌ ቁጥር ባለቤት አልባ ሆኖ ቀረ፤ ወይም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ልጅ የሌለው ጎረምሳ ስለ ምጥ ምልክት ሲነገረው አስቡት።

ዕጣው

ከ2018 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተነሱ ተመራማሪዎች ከሌሎች ተቋማት ባልደረቦቻቸው ጋር ኪልካሪን ፈተኑት። መሪዋ አምነስቲ ለፌቭር ነበረች። ቦታው የማድያ ፕራዴሽ አራት አውራጃዎች ናቸው፦ ሬዋ፣ ራጅጋር፣ ማንድሳውርና ሆሻንጋባድ። ሂንዲ የሚናገሩ፣ ከአራት እስከ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ ስልክ ማግኘት የሚችሉ 5,095 ሴቶች ተመዘገቡ። ከባሎቻቸውም 3,842ቱ ተጠየቁ። ባሎቹን መጠየቃቸውን ልብ በሉ፤ ብዙ የእናቶች ጥናት ባልን አይጠይቅም።

ከዚያ ዕጣ ተጣለ። ዕጣ የወጣላት ዶክተር አኒታ ትደውልላታለች፤ ያልወጣላት አይደወልላትም። የዕጣ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ያለ ዕጣ ብናወዳድር ጥሪውን የሰሙት ድሮም የተማሩት፣ ድሮም ባላቸው የሚያዳምጣቸው ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በዕጣ ሲሆን ልዩነቱ ከታየ የጥሪው ነው፤ ካልታየም ሰበብ የለም። የኛ ዓይነቱ የመልእክት ሥራ እንዲህ ላለ ፈተና ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አላየሁም፤ የሚፈተነው ሰው ፈተናውን ስለሚፈራው ይመስለኛል።

ዋናው የፈተና ጥያቄ ጡት ብቻ ማጥባት ነበር። መልሱ በ2022 ታተመ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚታይ ልዩነት የለም። ተመራማሪዎቹ ያሰሉት ንጽጽር 1.04 ነው። 1 ቢሆን ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ነው፤ 1.04 ለእኩልነት የቀረበ ነው። ቁጥሩ ሊዋዥቅበት የሚችለው ክልል ደግሞ ከ0.88 እስከ 1.23 ስለሆነ ትንሽ ጎድቶ ይሁን ትንሽ ጠቅሞ መናገር አይቻልም። በቀላል አማርኛ ጥሪው የልጁን አፍ ከውሃና ከላም ወተት አልጠበቀውም።

ሰዎቹ ጥሪውን አልሰሙትም እንዳንል ደግሞ ኮምፒውተሩ ይመሰክራል። ጥሪ ከሚደርሳቸው ሴቶች በአማካይ 65 በመቶው ከተነሱት ጥሪዎች ይዘት ግማሹንና ከዚያ በላይ አዳምጠዋል። ለነፃ ጥሪ ይህ መጥፎ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው መስመሩ ክፍት ሆኖ የቆየባቸውን ሰከንዶች ነው። ጆሮው የማን እንደነበር አይቆጥርም።

ያልታሰበው ውጤት

ጥናቱ በዚህ ቢያበቃ «ስልክ አይሠራም» ብለን ወረቀቱን እናጥፈው ነበር። ግን ሌላ ሠንጠረዥ አለ፤ እኔን ያስገረመኝ እሱ ነው። ጥሪው የደረሳቸው ቤተሰቦች ዘንድ ጊዜያዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት ቁጥር በ3.7 መቶኛ ነጥብ ከፍ አለ። ልጁ ከተወለደ በኋላ ቋሚውን፣ ማለትም የማምከን ቀዶ ሕክምናን የመረጡት በ2 መቶኛ ነጥብ ቀነሱ። በድሆቹ ቤተሰቦችና ዝቅ ተደርገው በሚታዩት ካስቶች (በትውልድ የሚወረሱ የኅብረተሰብ መደቦች) ዘንድ ጊዜያዊውን መከላከያ በመጠቀም የታየው ልዩነት ከሌላው የሰፋ ነበር፤ በድሆቹ 15.8 በመቶ፣ በካስቶቹ 12 በመቶ። የአሥረኛ ሳምንት ክትባትም በትንሹ ጨምሯል።

ጊዜያዊውን መከላከያ ከፍ ያደረገው ምንድን ነው? ኮንዶም ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው የራሴ ንባብ ነው፤ በጥናቱ አፍ አላስቀምጠውም። ኮንዶም የሚገዛው ማን ነው? ባል። የሚወስነውስ? ባል። ስልኩን የያዘውስ? ባል። ጥሪው ያረፈበት ሰው ላይ ለውጥ ታየ፤ ጥሪው ባላረፈበት ሰው ላይ አልታየም። ዶክተር አኒታ «እናት» ብላ ስትናገር ብዙ ጊዜ ያዳመጣት አባት ነበር፤ እሱም በእጁ ያለውን አደረገ። ጡት ማጥባት ግን በእጁ አይደለም።

በማን እጅ ነው? በእናትየዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕፃኑ ሲያለቅስ «ወተትሽ አልበቃውም» የምትለው አማት ናት። በሚያዝያና በግንቦት የማድያ ፕራዴሽ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ «ልጁ ውሃ ጠማው» የምትለው አማት ናት። የእናት ወተት አብዛኛው ክፍል ውሃ መሆኑን፣ ለሕፃኑ ጥም የሚበቃ መሆኑን ዶክተር አኒታ ተናግራለች፤ ለማን ተናገረች ነው ጥያቄው። የሃያ ዓመት ምራት ስምንት ልጅ ላሳደገች አማቷ «ስልክ ላይ እንዲህ ብለውኛል» ብላ መልስ ትስጥ? ቤት ለቤት እንተዋወቃለን፤ አትሰጥም።

እርሻውም አለ። አራስ ቤት ካበቃ በኋላ እናት ማሳ ትወርዳለች፤ ልጁ ከአያት ጋር ይቀራል። ጡቱ ማሳ፣ ልጁ ቤት ሲሆን የሚሰጠው የላም ወተት ነው። መንግሥት ከ2017 ጀምሮ ለመጀመሪያ ልጅ 5,000 ሩፒ ይሰጣል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ስድስት ወር አያስቀምጥም።

የጡት ማጥባት ችግር ደግሞ አብዛኛው የእጅ ሙያ ነው። ልጁ ጡቱን በትክክል አልጎረሰም፣ ጫፉ ቆስሏል፣ ጡቱ በወተት ተወጥሯል። ይህን ማየት፣ ልጁን ማዞር፣ «እንዲህ አድርጊው» ማለት ያስፈልጋል። የተቀዳ ድምፅ አይን የለውም። ስትጠይቀውም አይመልስም። ደቡብ አፍሪካ በነሐሴ 2014 የጀመረችው ሞምኮኔክት የተባለ ተመሳሳይ አገልግሎት ቢያንስ እናቶች ጥያቄና ቅሬታ የሚልኩበት የምላሽ ክፍል አለው። ኪልካሪ ላይ ንግግሩ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር።

ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልጨምር። በማድያ ፕራዴሽ ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናት በ2015 እና 2016 ጥናት 58.2 በመቶ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዙር 74 በመቶ ደረሱ። ጥሪ የሌላቸውም ሴቶች አሻዎቹን፣ ሬዲዮውን፣ ጤና ጣቢያውን ይሰሙ ነበር። ውሃው ለሁሉም ጀልባ ከፍ ሲል የአንዱን ጀልባ ሞተር ጉልበት መለካት ይቸግራል። ይህ ለኪልካሪ ጥብቅና ነው፤ ግማሽ ጥብቅና ብቻ ግን። ማዕበሉን ያስነሱት በእግራቸው የሚሄዱት ሴቶች ከሆኑ፣ ኪልካሪ መሃል ላይ ያስወጣቸው እነሱን ነበርና።

ባውቺ

ከማድያ ፕራዴሽ እሩቅ፣ በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ ባውቺ በምትባል ግዛት፣ ስልክን በሌላ መንገድ የሞከሩ ነበሩ። ውጤቱ በ2014 ታትሟል። ብዛቱ ከኪልካሪ ጋር አይወዳደርም፤ መጨረሻ ላይ የተጠየቁት ሴቶች 400 እንኳ አይሞሉም። አሠራሩን ግን ስሙት።

ሴቶቹ አነስተኛ ብድር የሚወስዱ፣ በየወሩ የሚሰበሰቡ የማኅበር አባላት ናቸው። ከአምስት እስከ ሰባት ሆነው በትንንሽ ቡድን ተከፋፈሉ። ለእያንዳንዷ ሴት ስልክ አልተሰጠም፤ ለቡድኑ አንድ ስልክ ተሰጠ። በየሳምንቱ በጽሑፍና በድምፅ ስለ ጡት ማጥባት መልእክት ይመጣል። ስልኩን የያዘችው ሴት ጓደኞቿን ጠርታ ያዳምጣሉ። ከዚያ በመልእክቱ ላይ ዘፈን ወይም ድራማ ይሠራሉ፤ በወርኃዊው የብድር ስብሰባ ላይ አቅርበው ያሳያሉ። ብድሩን የሚሰበስቡት ሠራተኞችም ሠልጥነው በየወሩ ትምህርት ይሰጣሉ።

እዚህ ልዩነት ታየ። ተሳታፊዎቹ ስድስት ወር ጡት ብቻ የማጥባት ዕድላቸው በተመራማሪዎቹ ስሌት ካልተሳተፉት 2.4 እጥፍ ሆነ፤ በመጀመሪያው ሰዓት የማጥባታቸው ደግሞ 2.6 እጥፍ።

ስልኩ ነው የሠራው? ስብሰባው? ዘፈኑ? አንድ ላይ ስለተሰጡ መለየት አይቻልም፤ ለንጹሕ ሳይንስ ይህ ድክመት ነው። እኔ ግን ዘፈኑ ላይ እቆማለሁ። ዘፈን በአንድ ጆሮ አይቀርም። ጎረቤት ይሰማዋል፣ አማት ትሰማዋለች፣ እህል ሲወቀጥ ይዘፈናል። ምራቲቱ ለአማቷ መልስ መስጠት አይጠበቅባትም፤ ማኅበሩ መልሷል። ደግሞም የቡድን ስልክ ባል አይጠረጥረውም፤ የማኅበር ዕቃ ነው፣ እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት ይዞራል።

ወደ ቤት

ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስልክ ያላቸው ሴቶች 27 በመቶ ነበሩ፤ ከማድያ ፕራዴሽ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን የሚቆም ነው። ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናት 58 በመቶ፣ እሱም እንዲሁ። በመጀመሪያው ሰዓት ጡት የያዙት ግን 73 በመቶ ስለነበሩ በዚህ እንበልጣቸዋለን፤ ያውም አብዛኛዋ እናት በቤቷ በምትወልድበት ጊዜ። ይህን የሚያህል ልዩነት ስልክ አላመጣውም።

በኮሮና ጊዜ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሰው ስንደውል ከመጥሪያው በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚል ምክር ይቀድም ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት አዳመጥነው። በሁለተኛው ወር ስልኩን ከጆሯችን አርቀን ድምፁ እስኪያልቅ እንጠብቅ ነበር። የተቀዳ ድምፅ ዕድሜው አጭር ነው፤ 72 ሳምንት ረጅም ነው።

በቅርቡ አንድ የማውቀው ወጣት ባለሙያ ለገጠር እናቶች የስልክ መልእክት ልሠራ ነው ብሎ ረቂቁን አሳየኝ። መልእክቶቹ ጥሩ ነበሩ፤ አማርኛቸውም የኔን ያስንቃል። «እቁብ ያላቸውን ሴቶች ፈልግና ስልኩን ለእቁቡ ስጠው» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ «እሱ አይበዛም፣ ለጋሹ የሚፈልገው መቶ ሺህ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም በሱ ዕድሜ እንደዚያው እል ነበር።

ኪልካሪ አልተዘጋም። በ2019 ቢቢሲ ሚዲያ አክሽን ሙሉ በሙሉ ለህንድ መንግሥት አስረከበው፤ ዶክተር አኒታ ዛሬም ትደውላለች። ተመራማሪዎቹም ከፈተናው በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ። የነዚያኑ ባልና ሚስቶች መረጃ ኮምፒውተር ላይ አድርገው ቤቶቹን ስልክ በማን እጅ እንዳለ፣ ማን ምን ያህል መጠቀም እንደሚችል እየለዩ በቡድን መደቧቸው፤ ወደፊት ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ጥሪ ከመላክ ለየቤቱ የሚስማማውን ለመምረጥ። ብዙ ሒሳብ ፈጅቷል። በመንግሥት የእናቶች መመዝገቢያ ላይ ግን ነርሷ የስልክ ቁጥሩን ከምትጽፍበት ቦታ ጎን ከመጀመሪያውም አንድ መሙያ ነበር፦ ስልኩ የማን ነው? የራሷ፣ የባሏ፣ የዘመድ፣ የጎረቤት።